የጨዋታ ዝምድና፦ ከማናውቀው ሰው ጋር የሚሰማን ቅርበት ምን ይጠይቀናል?



በረዥም ጉዞ ላይ ያለ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን መንገደኛ ከሰላምታ በቀር ላያነጋግረው ይችላል። ስሙን አያውቅም፣ ትውልዱን አያውቅም፣ ለማወቅም አይቸኩልም። ነገር ግን ያ መንገደኛ ከቦርሳው ትንሽ የቼዝ ገበታ ቢያወጣ፣ ወይም ስለ ትናንትናው የእግር ኳስ ግጥሚያ አንድ ቃል ቢናገር፣ ወይም በመስኮት አሻግሮ አንዲት ወፍ አይቶ በስሟ ቢጠራት፣ ያንኑ ነገር የሚወድ ጎረቤቱ ወዲያው ይነቃል። ፊቱ ይፈታል፣ ወሬው ይደራል፣ መንገዱም ያጥራል። ከሁለት ሰዓት በፊት ባዕዳን የነበሩት ሁለቱ ሰዎች መናኸሪያ ሲደርሱ እንደ ቆዩ ወዳጆች ይሰነባበታሉ።

ይህ ስሜት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የትርፍ ጊዜያችንን የምናሳልፍበትን ነገር የሚወድ ሰው ስናገኝ፣ ሌላ ምንም ሳናውቅለት እንደ ዘመድ እናየዋለን። ይህ ቅርበት ግን ምንድን ነው? እውነተኛ ዝምድና ነውን? ወይስ በሌላው ሰው ፊት የራሳችንን መልክ አይተን ስለ ተደሰትን ብቻ የመጣ ነው? እውነተኛ ከሆነስ ምን ይጠይቀናል? ጥያቄው ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ የሕግ ዐዋቂ ስለ ባልንጀራው ማንነት ለጌታችን ካቀረበው ታላቅ ጥያቄ ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነውና በጥሞና ልንመለከተው ይገባል።

ዝምድና በእኛ ዘንድ

በአገራችን ዝምድና ከሥጋና ከደም ብቻ የሚመጣ ሆኖ አያውቅም። የክርስትና አባት ወይም እናት ከልጁ ወላጆች ጋር አበልጅ ይሆናል፤ በዚህም ሁለት የማይዛመዱ ቤተሰቦች ይዛመዳሉ። ጡት የተጣባ ሰው እንደ ልጅ ይቆጠራል። በአንድ የጽዋ ማኅበር የሚሰበሰቡ ሰዎች እርስ በርሳቸው ወንድምና እህት ይባባላሉ። በአንድ ዕድር የተሰባሰቡ ጎረቤታሞች በሐዘን ቀን ከሩቅ የሥጋ ዘመድ ይልቅ ይቀርባሉ። ስለዚህ ዘመድ የሚለውን ስም ከደም ውጭ ለሆነ ሰው መስጠት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

እነዚህን የዝምድና ዓይነቶች ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ግዴታ ነው። አበልጅ ልጁ ሲታመም መጥቶ ይጠይቃል፤ ወላጅ የሞተበትንም እንደ ልጁ ያያል። የማኅበር አባል ተራው ሲደርስ ይደግሳል። የዕድር አባል ሌሊት ጥሩምባ ሲነፋ ተነሥቶ ይወጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛውን ሳያጽናና ወደ ሥራው አይሄድም። ያለ ግዴታ የቆመ ዝምድና በባህላችን አይታወቅም።

በጨዋታና በዝንባሌ የሚመጣው ቅርበት ግን ሲጀመር ምንም ግዴታ የለበትም። ደስ ሲለን እንገናኛለን፣ ሲሰለቸን እንለያያለን፤ ማንም ለምን ቀራችሁ ብሎ አይወቅሰንም። ከጣዕሙ ገሚሱ ምናልባት የሚመጣው ከዚሁ ቀላልነቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ አንድ ዓይነት ነገር በመውደድ ከማናውቀው ሰው ጋር የሚሰማን ቅርበት እውነተኛና መልካም ነው፤ ነገር ግን ወድዶ ግዴታን እስኪሸከም ድረስ ገና ስሜት እንጂ ዝምድና አልሆነም።

ከህንድ እስከ አገራችን የተጓዘ ጨዋታ

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ጨዋታ ለምሳሌ እንውሰድ። ቼዝ ከአሥራ አራት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት በህንድ እንደ ተጀመረ አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። በሳንስክሪት ቋንቋ ቻቱራንጋ ይባል ነበር። ፋርሶች ቻትራንግ አሉት፣ ዐረቦች ሻትራንጅ ብለው ተቀበሉት፣ በእኛም ዘንድ ሰንጠረዥ ተባለ። ዛሬ ተማሪዎቻችን ሰንጠረዥ ሲባሉ በሒሳብ ደብተር ላይ ቁጥር የሚሞላበትን ሥዕል ያስባሉ፤ ቀድሞ ግን በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት የሚዘወተር የጨዋታ ስም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎችም አይተው ጽፈውታል። ጨዋታው በእኛ አገር የራሱ ጠባይ ነበረው። ወረራ በሚባለው መጀመሪያው ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ መጫወቻዎቻቸውን እንደ ወደዱ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ተራ መጠባበቅ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን መጫወቻ ከወሰደ በኋላ ነው። ዙሪያውን የተቀመጡትም ዝም ብለው አይመለከቱም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመክሩ ነበር።

የስሙ ጉዞ ብቻውን አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ጨዋታው ከህንድ ተነሥቶ እኛ ዘንድ የደረሰው፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች እጅ በእጅ እየተቀባበሉት ነው። በእያንዳንዱ ማረፊያ አንድ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቀምጦ ፈረሱ እንዴት እንደሚዘልና ንጉሡ እንዴት እንደሚጠበቅ ማስተማር ነበረበት።

በኋለኛው ዘመን ደግሞ ፊት ለፊት ሳይተያዩ በፖስታ የሚጫወቱ ሰዎች ተነሡ። አንዱ በፖስታ ካርድ ላይ አንድ እንቅስቃሴ ጽፎ ይልካል፣ ሌላው መልሱን ጽፎ ይመልሳል። በዚህ መንገድ አንድ ጨዋታ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር። ቋንቋ እንዳያግዳቸውም በቁጥር ብቻ የሚጻፍ ስልት አወጡ። ገበታው ስምንት በስምንት ሆኖ ስልሳ አራት ቤቶች አሉት። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ቁጥር ተሰጠው፤ የመጀመሪያው የአምዱ፣ ሁለተኛው የመደዳው ነው። ስለዚህ በንጉሡ ፊት ያለው ወታደር ሁለት ቤት ወደ ፊት ሲሄድ 5254 ተብሎ ይጻፋል። ይህን ቁጥር ሩሲያዊውም፣ አርጀንቲናዊውም፣ ጃፓናዊውም እኩል ያነብበዋል። በፖስታ የሚካሄደውን ውድድር የሚመራው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1951 ተመሠረተ። ዛሬ ይህ ጨዋታ በአብዛኛው በኮምፒውተር መረብ ይካሄዳል፤ ነገር ግን በካርዱ ዘመን ፊታቸውን ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ከቁጥሩ ግርጌ የበዓል ሰላምታ፣ የልጅ መወለድ፣ የበሽታ ወሬ መጻጻፋቸው የተለመደ ነበር።

የቼዝ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ሲቋቋም ውሎ አድሮ መሪ ቃሉ ያደረገው «ጄንስ ኡና ሱሙስ» የሚል የላቲን ሐረግ ነው። አንድ ወገን ነን ማለት ነው። በጥንታዊቷ ሮም ጄንስ የሚለው ቃል አንድ ስም የሚጠሩና ከአንድ አባት ተወለድን የሚሉ ሰዎችን ጎሳ ያመለክት ነበር። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጨዋታ ምክንያት ይህን ቃል ለራሳቸው መውሰዳቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ጥያቄው ቃሉ እውነት ነውን የሚለው ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ጨዋታ

ጨዋታ ለቁም ነገር አይበቃም የሚል ካለ፣ በቤተ ክርስቲያን ታሪክም እንዲህ ያሉ አባቶች እንደ ነበሩ እናስታውስ። ቅዱስ ጴጥሮስ ዳሚያኒ እ.ኤ.አ. በ1061 ገደማ በጻፈው ደብዳቤ የፍሎረንስን ጳጳስ ቼዝ በመጫወቱ እንደ ገሠጸው ይነግረናል። ለካህን የማይገባ ከንቱ ነገር አድርጎ አይቶት ነበር።

ይሁን እንጂ ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ነገሩን በሌላ መንገድ መርምሮታል። ሥጋ ከድካም እንደሚያርፍ ነፍስም ዕረፍት ያሻታል፣ ይህም ዕረፍት በጨዋታ ይገኛል ብሎ ያስተምራል። ልክ ያጣ ጨዋታ ኃጢአት እንደሚሆን ሁሉ፣ ጨዋታን ፈጽሞ የሚጠላና የሌሎችን ደስታ የሚያደናቅፍ ሰውም ጉድለት እንዳለበት ይገልጻል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ ስለ ጸሎት ለእኅቶቿ ስትጽፍ የቼዝን ምሳሌ አልናቀችም፤ መለኮታዊውን ንጉሥ ለመማረክ ከትሕትና የሚበልጥ መጫወቻ እንደሌለ አስረድታለች። እንግዲህ ጨዋታ ከሰው ክብር ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። በጨዋታ ውስጥ የሚታየው የሰው ልብም ያው በቤቱና በሥራው ያለው ልብ ነው።

ራስን መውደድ ነውን?

አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ወዳጅነትን በሦስት ይከፍላል። አንዱ በጥቅም፣ ሁለተኛው በደስታ፣ ሦስተኛው በበጎነት የሚቆም ነው። በደስታ የቆመው ቶሎ ይጀመራል፣ ቶሎም ይፈርሳል፤ ደስታው ሲቀር ወዳጅነቱም አብሮ ይቀራል። ቢሆንም ከጥቅም ወዳጅነት ይልቅ ወደ እውነተኛው ወዳጅነት የቀረበ ነው ይላል፤ ሁለቱ ሰዎች አንዱ በሌላው ስለሚደሰቱ ነው። በጨዋታ የሚመጣው ቅርበት እዚህ ላይ የሚመደብ ይመስላል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ግን ይነሣል። እኔን የሚመስለውን ሰው መውደዴ ራሴን መውደዴ አይደለምን? ባልንጀራዬ የእኔን ዝንባሌ ባይጋራ ኖሮ አላየውም ነበር። ስለዚህ የወደድሁት እርሱን ሳይሆን በእርሱ ላይ ያየሁትን የራሴን ጥላ ነው ሊባል ይቻላል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው አባባላችንም ይህን ያህል ይነካናል።

ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው፤ በሙሉ ግን አይደለም። አንድን ነገር የሚወዱ ሁለት ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ከሁለቱም ውጭ ያለውን አንድ ሦስተኛ ነገር ነው። የጨዋታው ውበት የእኔም የእርሱም አይደለም፤ ሁለታችንም ከእኛ በሚበልጥ ነገር ፊት ቆመናል። ለዚህ ጥሩ ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በ1972 በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይኪያቪክ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርና ሶቪየታዊው ቦሪስ ስፓስኪ ለዓለም የቼዝ ሻምፒዮንነት ተጋጠሙ። ዘመኑ ሁለቱ መንግሥታት በኑክሌር መሣሪያ የተፋጠጡበት ነበርና ዓለም ጨዋታውን እንደ ጦርነት ተመለከተው። በስድስተኛው ጨዋታ ፊሸር እጅግ በሚያምር አጨዋወት አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ተመልካቾቹ ሲያጨበጭቡ ተሸናፊው ስፓስኪም አብሮ አጨበጨበ። ራሱን ብቻ የሚወድ ሰው በራሱ ሽንፈት ላይ አያጨበጭብም። ስፓስኪ ያን ዕለት ከራሱ ድል ይልቅ የጨዋታውን ውበት አከበረ፤ በውበቱም በኩል ተጋጣሚውን አከበረ።

እንግዲህ በጨዋታ የሚመጣው ቅርበት በመልካም ሁኔታው ራስን የመርሳት መጀመሪያ ነው። ሌላውን ሰው እንደ ራስ ለመውደድ ከራስ ወጥቶ አንድ እርምጃ መራመድ ያስፈልጋልና፣ ይህ አንድ እርምጃ ነው።

ጠላት የሚያስፈልገው ዝምድና

መልካሙን ነገር ካየን አደጋውንም ልናይ ይገባል። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ወጣቶች ዲኤስቲቪ ቤት በሚሏቸው ስፍራዎች ተሰብስበው የእንግሊዝን የእግር ኳስ ግጥሚያ ይመለከታሉ። ግብ ሲቆጠር ስማቸውን የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቅፈው ይዘልላሉ። የቀን ሠራተኛውና የባንክ ሹሙ በአንድ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ቤት፣ የሌላውን ቡድን ቀለም የለበሰው ጎረቤት ከሰው በታች ሆኖ ሲሰደብ፣ አንዳንዴም እጅ ሲሰነዘርበት ይታያል። መተቃቀፉና ስድቡ የወጡት ከአንድ ልብ ነው።

ይህ ነገር እስከምን እንደሚደርስ ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1985 በብራስልስ በሄይዝል ስታዲየም ሊቨርፑልና ዩቬንቱስ ለአውሮፓ ዋንጫ ሊጋጠሙ ሳለ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የአንዱ ወገን ደጋፊዎች ወደ ሌሎች ተመልካቾች እየገፉ መጡ። ሕዝቡ ሲሸሽ ግንብ ተደረመሰ፤ 39 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን ነበሩ። የሞቱት ሰዎችና ያጠቋቸው ወገኖች አንድ ጨዋታ የሚወዱ ነበሩ። በአንድ ጨዋታ ፍቅር ወደ አንድ ስታዲየም መጡ፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ወገን ዝምድና በሌላው ወገን ላይ የተመሠረተ ነበር።

ከዚህ አንድ መመዘኛ እናገኛለን። ዝምድናችን ጸንቶ ለመቆም ጠላት ያስፈልገዋልን? ጠላቱ ቢቀር እኛ እንበተናለን? እንዲህ ከሆነ ያስተሳሰረን ፍቅር ሳይሆን የጋራ ጥላቻ ነው። ይህ መመዘኛ ለእግር ኳስ ብቻ አይሠራም። በቋንቋ፣ በወንዝና በሰፈር ለምንሰባሰበውም እንዲሁ ይሠራል። በዘመናችን ሰው ሰውን ሲያገኝ አስቀድሞ ከወዴት ነህ ብሎ መጠየቅ በበዛበት ጊዜ፣ ልባችንን በዚህ ሚዛን ማስቀመጥ ለሁላችንም ይጠቅማል።

የአንድ እስረኛ ታሪክ

ወደ ቦቢ ፊሸር እንመለስ፤ ታሪኩ በ1972 አላበቃምና። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1992 አገሩ በጣለችው ማዕቀብ ላይ በዩጎዝላቪያ ከስፓስኪ ጋር ዳግመኛ በመጫወቱ በአሜሪካ መንግሥት ይፈለግ ነበር። በኋላም ብዙ የጥላቻ ቃል በአደባባይ ተናገረ፤ በአይሁድ ሕዝብ ላይ የሚናገረው ነገር ለጆሮ የሚከብድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ የደረሰውንም እልቂት በሬዲዮ አወደሰ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2004 በቶኪዮ አየር ማረፊያ ተያዘና በጃፓን ታሰረ።

በዚያን ጊዜ ስፓስኪ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጻፈ። ለፊሸር ምሕረት እንዲደረግለት ለመነ፤ ይህ ካልተቻለ እርሱንም አስረው ከፊሸር ጋር በአንድ ክፍል እንዲያኖሩትና የቼዝ ገበታ እንዲሰጧቸው ጠየቀ። በአይስላንድም የ1972ቱን ውድድር ያልረሱ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው ስለ እርሱ ይማልዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 የአይስላንድ ፓርላማ ለፊሸር ዜግነት ሰጠው፤ ከስምንት ወራት እስራት በኋላም ወደ ሬይኪያቪክ ገባ። በዚያው እ.ኤ.አ. በጥር 2008 አረፈ። ሥርዓተ ቀብሩንም ካቶሊካዊ ካህን ፈጸመለት። ስፓስኪ እስከ 2025 ቆይቶ ተከተለው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የጨዋታ ዝምድና ግዴታን ወድዶ ሲሸከም እናያለን። ለስፓስኪና ለአይስላንድ ሰዎች ፊሸር የሚያስደስታቸው ተጫዋች ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ፣ መጫወት ባቆመ ጊዜ በረሱት ነበር። እነርሱ ግን በሚያሳፍርበት ሰዓት ጠየቁት። ቃሉን አልተቀበሉም፤ ሰውየውን ግን አልጣሉትም። የታሰረን ሰው መጠየቅ ጌታችን በመጨረሻው ፍርድ ከሚጠይቀን ነገሮች አንዱ ነውና፣ በቼዝ ገበታ ላይ የተጀመረው ወዳጅነት እዚህ ድረስ መድረሱ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ታሪክ ሕሊናን የሚወጋ ጥያቄ ያስከትላል። ፊሸር የተማለደለት ቼዝ ስለሚችል ነው። በዓለም የስደተኞች ማቆያ ቤቶች ውስጥ ግን ቼዝ የማያውቁ፣ በአንዳች ነገር ስማቸው ያልተጠራ፣ ፓርላማ የማይሰበሰብላቸው እልፍ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል ከገዛ መንደሮቻችን የተሰደዱ ወጣቶች ይገኙባቸዋል። ለእነዚህስ ማን ይማልዳል? ሰው ሊታሰብለት የሚገባው ከእኛ ጋር አንድ ነገር ስለሚወድ ነውን?

ከሚመስሉን ሰዎች ባሻገር

ጌታችን በተራራው ስብከት የሚወዱንን ብቻ ብንወድና ወንድሞቻችንን ብቻ ሰላም ብንል ምን የሚበልጥ ነገር እንዳደረግን ጠይቆናል፤ ቀራጮችና አሕዛብም ያንኑ እንደሚያደርጉ አሳስቦናል። ይህ ቃል የቅርብ ወዳጅነትን አይነቅፍም። ቅዱስ ቶማስም ፍቅር ሥርዓት እንዳለውና ለእኛ ለቀረቡት በተለየ መንገድ መድላታችን ተገቢ እንደሆነ ያስተምራል። ሰው ውሱን ነው፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማቀፍ አይችልም፤ ከአንድ ስፍራ መጀመር አለበት። ስለዚህ የአይስላንድን ሰዎች ለምን ከፊሸር ጀመራችሁ ብለን አንወቅሳቸውም። ነቀፋው የሚመጣው ከጀመርንበት ስፍራ ላይ ስንቆም ነው።

በኢየሩሳሌምና በኢያሪኮ መንገድ ላይ ቆስሎ የወደቀውን ሰው ያነሣው ሳምራዊ፣ ከቁስለኛው ጋር የሚጋራው አንዳች ነገር አልነበረውም። በጋራ የሚወዱት ነገር ይኑር አይኑር አልጠየቀም፤ ቁስለኛውም ለመናገር አቅም አልነበረውም። የነበረው ቁስሉ ብቻ ነው። ሳምራዊው ዘይትና ወይን አፈሰሰለት፣ በገዛ አህያው ላይ ጫነው፣ ለእንግዳ ማረፊያ ቤቱ ባለቤት ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ሲመለስም የቀረውን ሊከፍል ቃል ገባ። ሳምራዊውን ዘመድ ያደረገው ግዴታን መሸከሙ ነው።

ታዲያ የጨዋታ ቅርበት በዚህ መንገድ ላይ ምን ስፍራ አለው? እንደ ማስረጃ ያገለግለናል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ የማናውቀውን ሰው የማንረዳው ባዕድ ስለሆነብን፣ ልባችን ስላልቀረበው ነው ብለን ራሳችንን እናጽናናለን። ነገር ግን አንድ የቼዝ ገበታ ወይም አንድ የቡድን መለያ ባዕዱን በደቂቃ ውስጥ ዘመድ ሲያደርገው በገዛ ዓይናችን አይተናል። በመካከላችን የነበረው ግድግዳ እኛ የምንለውን ያህል ወፍራም አልነበረም ማለት ነው። በደቂቃ መቅረብ እንደምንችል ካወቅን በኋላ፣ አልቀረብሁትም የሚለው ሰበብ በእጃችን ላይ ይሟሽሻል።

ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ ለዕለት ኑሯችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን ልጥቀስ።

በመጀመሪያ፣ አብሮን የሚጫወተውን ሰው ከጨዋታው ውጭ እንወቀው። ስሙን፣ ቤቱን፣ የሚኖርበትን ሁኔታ እንጠይቅ። ሁልጊዜ በየሳምንቱ የሚመጣው ሰው ሦስት ሳምንት ቢቀር፣ ሌላ ተጫዋች ተክተን ዝም አንበል፤ ታሞ ይሆናል፣ ከሥራ ተባርሮ ይሆናል፣ ሐዘን ደርሶበት ይሆናል። አንድ ሰው ልኮ ማስጠየቅ ትንሽ ግዴታ ናት፤ ዝምድና የሚጀመረው ግን ከእርሷ ነው።

ሁለተኛ፣ ተጋጣሚን ማክበር እንልመድ። በጨዋታ ተቃራኒያችን የሆነው ሰው ያንኑ ነገር የሚወድ ነውና ከማንም ይልቅ የሚያውቀን እርሱ ነው። የሌላውን ቡድን ደጋፊ በስሙ መጥራትና ሲያሸንፍ እንኳን ደስ አለህ ማለት ለወጣቶቻችን የፍቅር ልምምድ ነው። በጨዋታ ሜዳ ያልተማሩትን በኋላ በሕይወት ሜዳ መማር ይከብዳቸዋል።

ሦስተኛውን ነገር በተለይ ለእናንተ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እላለሁ። በየቁምስናችን የኳስ ቡድን፣ የመዘምራን ቡድን፣ የንባብ ክበብ አለ። እነዚህ ሁሉ ልጆቹን ያቀራርባሉና መልካም ናቸው። ነገር ግን በሜዳው ዳር ተቀምጦ የሚመለከት አንድ ልጅ አይጠፋም። እግሩ የማይረዳው፣ ድምፁ የማያምር፣ ወይም ቤተሰቡ ወደ ሰፈሩ አዲስ የገባ ይሆናል። ለእርሱ ማን ይሄዳል? ቡድኑ የፍቅር ትምህርት ቤት የሚሆነው፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ ጨዋታውን ትቶ ከዚያ ልጅ አጠገብ የተቀመጠ ዕለት ነው። ይህን በቃል ከማስተማር ይልቅ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያደርጉት ዕድል ስጧቸው። ከዚያም ምን እንደ ተሰማቸው ጠይቋቸውና ስለ ሳምራዊው ሰው ያን ጊዜ አንብቡላቸው።

አባቶቻችን «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ይሉ ነበር። መድኃኒት የሚሆነው የሚመስለን ሰው ብቻ ነው አላሉም። ስለዚህ አንድ ነገር አብሮን የሚወድ ሰው ስናገኝ በደስታ እንቀበለው፤ ደስታውም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነውና አንፈርበት። በማግስቱም መንገድ ላይ ምንም የማይጋራንን ሰው ስናገኝ፣ ትናንት ባዕዱን ምን ያህል ቶሎ እንደ ወደድነው እናስታውስ፤ አስታውሰንም ቀድመን ሰላም እንበለው።